ሐይቅ ዳር ስናድር ዕረፍቱ የማን ነው?

እንደሚታወቀው ሁሉ ሳምንቱን በሥራ ቦታና በገበያ ስትሯሯጥ የምትሰነብት እናት ቅዳሜና እሑድዋን የምታሳልፈው በልብስ አጠባና በጓዳ ሥራ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ አንድ ቀን ተነሥቶ «በዚህ ሳምንት ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ እንውረድ፤ ድንኳን ተክለን፣ ዓሣ አጥምደን እንመለስ» ቢልዎ ደስ እንደሚልዎ አይጠረጠርም። ነገር ግን ጓዝዎን ከማሰናዳትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁት። እዚያ ስንደርስ የሚያበስለው ማን ነው? ልጆቹን የሚጠብቀውስ?

ይህን የምልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ቤተሰብ መጀመሪያ ወደ ላንጋኖ የወረደ ጊዜ ከሰል ምድጃው፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ሁለት ድስት፣ በአጭሩ ጓዳው እንዳለ መኪናው ላይ ተጭኖ ነበር። አባወራው መንጠቆውን ይዞ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እኔ ምድጃው ሥር ተቀመጥኩ። በዚህ መሐል የስድስት ዓመቱ ልጃችን ውኃው ውስጥ አዳልጦት ሰጠመ። ውኃው የትልቅ ሰው ጉልበት አይደርስም። እኔ አባቱ አጠገቡ ስለሆነ እያየው ነው ብያለሁ፤ አባቱ ደግሞ እናቱ ፊት ለፊት ስለተቀመጠች እያየችው ነው ብሏል። የጮኸችው እህቱ ናት። አባቱ ዘሎ ገብቶ በእጁ ሲዳብስ ክንዱን ያገኘው በሁለተኛው ነው። ልጁ አሳለው፣ አስመለሰውና አለቀሰ። ወጡ አርሮ ነበር፤ ያን ቀን ግን ስለ ወጥ ያነሳ ሰው አልነበረም።

በእጁ ሲዳብስ ማለቴን ልብ ይበሉ። የላንጋኖ ውኃ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ይህም ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን እጅግ የላመ አፈር ሳይዘቅጥ ስለሚንሳፈፍበት ነው። ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ የወደቀ ልጅ ከላይ ይታያል፤ እዚህ ግን አንድ ክንድ ያህል ከወረደ ዐይን አያገኘውም። ስለዚህ ልጆች ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ አንድ ተለይቶ የታወቀ ጠባቂ ያስፈልጋል። ይህ ሰው መንጠቆም ሆነ ስልክ አይዝም፤ ከልጁ የሚርቀውም እጁ እስከሚደርስበት ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው «ተራው ያንተ ነው» ብሎ በቃል ያስረክባል። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ያለ ርክክብ ማንም ከዳር አይነሣም። የመኪና ካላማዳሪያ ነፍቶ ልጅን ማስቀመጥም አይመከርም፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ካላማዳሪያውን ከነልጁ ወደ መሐል ይወስደዋል። ክፉ አይግጠምዎና ከውኃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ እግሩን ይዞ ቁልቁል ማንጠልጠል ጊዜ ማጥፋት ነው። ወዲያውኑ በአፍ ትንፋሽ መስጠት ይገባል። አገግሞ ቢጫወት እንኳ ሐኪም ሳያየው አይተኛ።

ስለ መጠጥ ውኃም የሚታወስ ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ ባሉት ሐይቆችና ጉድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። በአካባቢው ያደጉ የብዙ ልጆች ጥርስ የበለዘውም በዚሁ ነው። ብዙዎቻችን ውኃ ከፈላ ሁሉ ነገር አለቀለት እንላለን፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። ስለዚህ ለአምስት ሰው ለሁለት ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቤት ሞልቶ መጫን ነው። በመንገድዎ ዝዋይ ወይም ባቱ ላይ ቢያርፉ ግን ልጆቹን ሐይቁ ውስጥ አያስገቡ፤ በዚያ ብልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው።

ለምግቡ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ድርቆሽ ፍርፍር ለማዘጋጀት ደግሞ ሴት መሆን አያስፈልግም። ለጥብስ የሚሆን ዓሣ ባቱ ላይ ገዝቶ ማለፍ ይቻላል፤ የባልን መንጠቆ ተማምኖ ልጅን ማስራብ አይገባምና።

አሁን ዘንጉን እርስዎ ይያዙ። በባሌ ወንዞች ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች ላባ አስረው ዝንብ ያስመሰሉት መንጠቆ ይጠቀማሉ። ለላንጋኖ ቆሮሶ ግን ይህን ያህል ጥበብ አያሻም። ቀጭን ናይለን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ እንደ ሽንብራ የተድበለበለ ሊጥ ወይም የመሬት ትል፣ ከላይ ደግሞ ከጠርሙስ የወጣ ቡሽ ይበቃል። ጥሩ የሚበላው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ነው። የጀርባዋ እሾህ እጅ ስለሚወጋ ከመንጠቆ ሲያላቅቋት ከራስዋ ወደ ኋላ እያሻሹ እሾሁን ያስተኙት።

ቆሮሶን ሲይዙ አፍዋን አይተው ይሆን? እናቲቱ ዕንቁላልዋን በአፍዋ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፍዋ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትበላው የለም ማለት ይቻላል። አባትየው አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ካዘጋጀና ዕንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ሌላ ሚስት ይጠብቃል። (ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ዝም ብሎ ሊጡን ማድበልበሉን ቀጠለ።) አፍዋ ያበጠ ወይም ገና ትንሽ የሆነች ከያዙ ወደ ውኃው ይመልስዋት። ልጆች ይህን አይተው አይረሱትም፤ የእኛዋ ልጅ ስንት ጫጩት እንደነበረ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ስትቆጥር ነበር።

ድንኳኑን ከመትከልዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ መንገዱ ላይ መተኛት የለብዎትም። አገሩ ቆላማ፣ ወባም ያለበት ስለሆነ አጎበሩ ከብርድ ልብሱ ቀድሞ ይጫን፤ ልጆቹም ሲመሽ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ ለሐኪሙ ላንጋኖ አድሮ እንደነበር ይንገሩ።

እሑድ ስትነሡ እሳቱን በውኃ አጥፉ። የተበጣጠሰውን ናይለን ክርም ለቅማችሁ ውሰዱ፤ የሐይቁ ወፎች እግር ይተበተብበታል። ዓሣውን የሚያጸዳው ማን እንደሆነም እዚያው፣ መኪናው ሳይነሣ ተነጋገሩ። ቤት ከደረሱ በኋላ ሁሉም ደክሞኛል ይላል።