የኳንተም ዘጋቢው ማንን ይጠይቃል?

ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ዜና ሲወጣ አብሮት የሚታየው ፎቶ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ከላይ የተንጠለጠለ፣ ወርቃማ ሳህኖችና ቀጫጭን ቱቦዎች የተደራረቡበት፣ የቤተ መንግሥት ቻንደሊየር የመሰለ ነገር። አንባቢ ኮምፒውተሩ ይህ ይመስለዋል። እሱ ግን ማቀዝቀዣው ነው። ኮምፒውተሩ ከታች ጫፉ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ቺፕ ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው ይህን ቺፕ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያደርሰዋል። ሥራ ላይ ሲሆን በብረት ሽፋኖች ስለሚዘጋ ወርቁ ጭራሽ አይታይም። ፎቶው የሚነሳው ማሽኑ ቆሞ፣ ሽፋኑ ወልቆ ነው። የዘርፉ ጋዜጠኞች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ፎቶው ስለሚያምር ግን መውጣቱ አይቀርም።

እነዚህ ጋዜጠኞች በቁጥር ብዙ አይደሉም። አንዳንዶቹ ፊዚክስ ተምረው ቤተ ሙከራውን ትተው የመጡ ናቸው፤ በኔቸርና በሳይንስ የዜና ክፍሎች፣ በኒው ሳይንቲስት፣ በኳንታ ወይም በግላቸው ይሠራሉ። የዜና እጥረት የለባቸውም። ፖል ጊንስፓርግ በ1991 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አላሞስ የጀመረውና በኋላ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው አርካይቭ የተባለው ማኅደር በሥራ ቀናት አዳዲስ ጽሑፎችን ያወጣል። የሚወጡት ግን በአብዛኛው ገና በሌሎች ባለሙያዎች ያልተገመገሙ ናቸው። ስለዚህ ዘጋቢው ቀኑን የሚጀምረው የማይጽፈውን በመጣል ነው።

ትልልቆቹ ጆርናሎች ሌላ ሥርዓት አላቸው። ኔቸር አብዛኞቹን ጥናቶቹን ረቡዕ ለንደን ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ያወጣል፤ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ናት። ለጋዜጠኞች ግን ቀደም ብሎ ይልክላቸዋል፤ ውሉ ሰዓቱ ሳይደርስ አንዳች ነገር እንዳይጻፍ ነው። ኢምባርጎ ይባላል። የሥራው ሁሉ ክብደት በእነዚህ ጥቂት ቀናት ላይ ነው። ጥናቱን አንብቦ መረዳት ከባድ ቢሆንም በትዕግሥት ይቻላል። ዋናው ጣጣ በጥናቱ ያልተሳተፈ፣ ነገሩን ግን ከሠሩት እኩል የሚያውቅ ሰው አግኝቶ «እውነት ነው ወይ?» ማለት ነው። የኳንተም መንደር ጠባብ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ተፎካካሪ ወይም የቀድሞ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ዘጋቢው መልሱን ብቻ ሳይሆን መላሹንም ይመዝናል።

ተፎካካሪ መጠየቅ ምን እንደሚያተርፍ በ2019 ታይቷል። የጉግል ቡድን 53 ኩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ) ባለው ሲካሞር በተባለ ቺፕ በ200 ሰከንድ የሠራው ስሌት በወቅቱ ለነበረው ታላቁ ሱፐርኮምፒውተር 10,000 ዓመት እንደሚፈጅ ጻፈ። ጥናቱ በኔቸር ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው አይቢኤም ተነሣና፣ የሱፐርኮምፒውተሩን የዲስክ ማከማቻ በደንብ ብትጠቀሙ 2.5 ቀን ይበቃል አለ። አይቢኤም የጉግል ባላንጣ ነው፤ ቢሆንም ክርክሩ የስሌት ክርክር ነበር። የጉግልን ቁጥር ብቻ ይዘው የወጡ ዘገባዎች ቶሎ አረጁ።

ሌላው ፈተና ማብራራቱ ነው። «ኩቢት በአንድ ጊዜ ዜሮም አንድም ስለሆነ ሁሉንም መልስ በአንዴ ይሞክራል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየዜናው ይገኛል። አጭር ነው፣ ያሳስታልም። ኩቢቶቹ ሲለኩ የሚገኘው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ያውም በዕድል። ማሽኑ የሚጠቅመው የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እየተጣፉ ትክክለኛው እየጎላ እንዲሄድ ስሌቱን መቀመር ሲቻል ነው። ይህ የሚሳካው ለተወሰኑ ጥያቄዎች ነው፤ ፒተር ሾር በ1994 ያሳየው ትልልቅ ቁጥሮችን በብቸኛ ቁጥሮች የመተንተን ዘዴ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ቢሄድ አይገርምም።

የሙያው ጥርስ የታየው ግን ከኳንተም ኮምፒውተር ወጣ ብሎ፣ በሱፐርኮንዳክተር ጉዳይ ነው። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ራንጋ ዲያስና ባልደረቦቹ በጥቅምት 2020፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ ቁስ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር፣ አገኘን ብለው በኔቸር አወጡ፤ ግፊቱ ግን ከከባቢ አየር 2.6 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ነበር። የሳንዲያጎው ፊዚሲስት ሆርሄ ሂርሽ ጥሬ መረጃውን አሳዩኝ እያለ ወጥሮ ያዘ። ጥናቱ በመስከረም 2022 ተሰረዘ። በመጋቢት 2023 ዲያስ ላስ ቬጋስ በተደረገ የፊዚክስ ጉባኤ በሌላ ግኝት ብቅ አለ፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቀረ። ያኔ ዘጋቢዎቹ የጻፉት ስለ ግኝቱ ብቻ አልነበረም፤ የተሰረዘውን ጥናትና የሂርሽን ጥያቄም ከዜናው አናት ላይ አስቀመጡ። ሁለተኛውም ጥናት በኅዳር 2023 በአብዛኞቹ ተባባሪ ጸሐፊዎች ጥያቄ ተሰረዘ። በ2024 ደግሞ ከጆርናሉ ነጻ ሆኖ የሚሠራው የኔቸር የዜና ክፍል የዲያስን የቀድሞ ተማሪዎች አነጋግሮ፣ ጥናቶቹ በገዛ ቤቱ ጆርናል እንዴት እንዳለፉ አተመ። ዲያስ ጥፋት የለብኝም ብሏል። አንድ ተቋም የራሱ ጓዳ እንዲህ እንዲፈተሽ መፍቀዱን እኔ ከግኝቱ ይልቅ አደንቃለሁ።

አንዳንዴ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጠያቂ ይሆናሉ። በ2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ቡድን፣ ኒውትሪኖ የተባሉት ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ ቀድመው ደረሱ ሲል ስሕተታችንን ፈልጉልን ብሎ ነበር፤ ዋናው ጥፋት በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ሆነ።

ብዙ ጊዜ ግን ወሳኙ ነገር የሚገኘው ብዙዎች በማይከፍቱት ፋይል ውስጥ ነው። በየካቲት 2025 ማይክሮሶፍት ማጆራና 1 የተባለውን ቺፕ በቶፖሎጂካል ኩቢት የሚሠራ የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ነው ብሎ አስተዋወቀ። በዚያው ቀን በኔቸር ከወጣው ጥናት ጋር የገምጋሚዎች ፋይል ተያይዞ ነበር፤ በውስጡም የጆርናሉ አርታኢዎች ውጤቱ ቺፑ የሚመካባቸው የማጆራና ክስተቶች በመሣሪያው ውስጥ ስለመኖራቸው ማስረጃ እንዳልሆነ በግልጽ አስፍረዋል። በጋዜጣዊ መግለጫው የቆመ ዘጋቢ አዲስ ዘመን ተከፈተ ብሎ ጻፈ፤ ፋይሉን የከፈተው ደግሞ ለሌሎች ፊዚሲስቶች መደወል ጀመረ።