ሕያው ማዳበሪያና የነጋዴው መጋዘን

ከባሕር ማዶ ተጭኖ በጂቡቲ ወደብ የሚራገፈውን ማዳበሪያ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ዩሪያ የተባለው ዓይነት በ1 ኩንታል ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይይዛል፤ ይህንንም ናይትሮጂን ታላላቅ ፋብሪካዎች በብርቱ ሙቀትና ግፊት ከአየር ወስደው ያዘጋጁታል። ለዚሁ ሥራ የሚፈጀው የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋው በናረ ጊዜ የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮ ይወጣል። በ2022 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ይህ በግልጥ ታይቷል። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው በማሳው ላይ የሚነፍሰውን ሀብት በውጭ ምንዛሪ መግዛቱ ያስገርማል። ምክንያቱ ተክል ይህን አየር እንዳለ ሊመገበው የማይችል መሆኑ ነው።

ነገር ግን ያለ ፋብሪካና ያለ ነዳጅ ይህንኑ ሥራ የሚያከናውኑ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን በአፈር ውስጥ ይኖራሉ። አባቶቻችን ስማቸውን ሳያውቁ ተጠቅመውባቸዋል፤ ባቄላ ወይም አተር በተነሣበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ አዝመራው እንደሚያምር ያውቁ ነበርና። ሄልሪጌል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1886 ዓ.ም. ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጂን የሚያገኘው በሥሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን እብጠቶች አማካይነት መሆኑን ገለጠ። ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ደግሞ በ1888 ዓ.ም. ተሐዋስያኑን ከእብጠቶቹ ለይቶ አራባቸው። ብዙም ሳይቈይ፣ በ1896 ዓ.ም.፣ ኖቤና ሂልትነር የተባሉ ጀርመናውያን ለዚሁ ነገር የፈጠራ መብት አወጡበት። ስለዚህ ሕያው ማዳበሪያ አዲስ ነገር መስሎ ቢታየንም ለንግድ ከቀረበ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሠራሩን ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ልውውጥ ነውና። ተክሉ በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ተሐዋስያኑም በዋጋው ናይትሮጂን ይከፍላሉ። ልውውጡ መካሄዱን ለማወቅ የሚሻ ሰው ተክሉ ሲያብብ አንዱን ከነአፈሩ በቀስታ ነቅሎ ከእብጠቶቹ አንዷን በጥፍሩ ይክፈል። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀይ ከሆነ ሥራው ቀንቷል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ በከንቱ ይቀልባቸዋል።

ይሁን እንጂ የሁሉም ጥራጥሬ ተሐዋስያን አንድ አይደሉም። ለሽምብራ የተዘጋጀው ለአኩሪ አተር አይረዳም። አኩሪ አተር ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ተክል ስለ ሆነ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ባልንጀራውን ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ከሕያው ማዳበሪያ ይልቁንም የሚጠቀመው እርሱ ነው። ባቄላ ለብዙ ዘመን በተዘራበት ደጋ ግን ተሐዋስያኑ ቀድሞውኑ በአፈሩ ሊገኙ ስለሚችሉ ጥቅሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለጤፍና ለስንዴ በቀጥታ የሚሰጥ ነው እያሉ መሸጥ ማታለል ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ፣ ፎስፎረስ ያነሰው ከሆነም ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ኩበቱ ሁሉ ለማገዶ በሚነድበት አገር የአፈር ተሐዋስያን በጠቅላላው ምግባቸውን እንደሚያጡም መርሳት አይገባም፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ መጋዘናችን እንመለስ። 125 ግራም የምትመዝነው ጥቅል ለሩብ ሄክታር፣ ማለት በብዙ ቦታ ጥማድ ለሚባለው መሬት ትበቃለች። ለ1 ሄክታር የሚሆነው ግማሽ ኪሎ በእጅ ቦርሳ ይያዛል፤ የጭነት ኪራዩም እንደ ኩንታሎቹ አያስጨንቅም። ችግሩ ዕቃው ነፍስ ያለው መሆኑ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሲሚንቶና ከጨው ጋር ተደርድሮ ከከረመ፣ ወይም በገበያ ቀን በፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል። የሞተው ዱቄት ደግሞ በመልኩም ሆነ በሽታው ከሕያው አይለይም። የገዛው ገበሬ ስሕተቱን የሚያውቀው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «ውሸት ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱም አይገዛም። ስለዚህ ለዚህ ዕቃ ዋስትናው የነጋዴው ጥንቃቄ ነው።

ትእዛዙ ለዘር ወቅት ቀረብ ተደርጎ ይላክ፤ ለባቄላ ከሰኔ፣ ለሽምብራ ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት። በጥቅሉ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ቀን ሳይነበብ ርክክብ አይፈረም፤ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት አያልፍምና። የሚቀመጠውም ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ክፍል፣ ከፀረ ተባይ መድኃኒትና ከኬሚካል ማዳበሪያ ርቆ ነው። ለገዢውም በሚገባው ቋንቋ እንዲህ ይነገረው፦ ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውኃ ጥቂት ይረጥባል፤ ዱቄቱ ይለወስበታል፤ ወዲያው ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። የተረፈው ጥቅል ለከርሞ አይቀመጥም።