ድሬዳዋ በጆርናል ገጾች፦ ከዋሻው እስከ ወባው

ስለ ድሬዳዋ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምር ተማሪ «ጆርናል አገላብጥ» ይባላል፤ የትኛውን ጥያቄ ይዞ ወደ ጆርናል እንደሚሄድ የሚነግረው ግን ብዙ የለም። ከተማዋ ላይ የተጻፈውን በዓመታት ተራ ማየት ይህን ያስተምራል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ-ኤፒክ ዋሻ ፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ አቤ ብሮይና ባልደረቦቹ በ1933 ቆፈሩት። ውጤቱ በፈረንሳዩ «ላንትሮፖሎጂ» የታተመው በ1951 ነው። 18 ዓመት! እርግጥ መሐል ላይ የጣሊያን ወረራና የዓለም ጦርነት ነበሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው ቁፋሮ ደግሞ በ1984 ለኅትመት በቃ። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚያው ቁፋሮ የተገኘውን 40 ኪሎ ያህል ቀይ የቀለም ድንጋይ እንደ አዲስ መርምረው በ«ፕሎስ ዋን» አወጡ፤ ስልክ ያለው ሁሉ በነፃ ያነበዋል። የጆርናል ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፦ እንዴት እንደተሠራ ስለሚጽፍ፣ ከዓመታት በኋላም ሌላው መልሶ ይፈትሸዋል።

ወባው ሌላ ታሪክ ነው። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ያህል ሕሙማን መዝግባ ነበር፤ በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ብቻ ከ2,400 አለፉ። በበጋ፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ድረስ። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን በበርሜልና በገንዳ ውኃ ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለች ትንኝ ጋር አያያዙት። ግኝቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ በጉባኤ ተሰማ፤ በ«ኔቸር ሜዲሲን» የታተመው በ2023 ነው። እስከ ኅትመት ያለው ጊዜ ከዋሻው 18 ዓመት ወደ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወርዷል፤ ለታመመ ሰው ግን ይህም ረጅም ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስንት ሰው ታመመ ለሚል ጥያቄ የጤና ቢሮ ሪፖርት ይሻላል። ለምን በበጋ፣ በየትኛዋ ትንኝ ሲባል ነው ጆርናል የሚከፈተው። ለርዕሱ እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ቀድሞ መጽሐፍ ቢያነብ ድካሙ ይቀንስለታል።

የኅትመት ፍጥነት ግን አሳሳች ጎን አለው። ክፍያ ተቀብሎ ጽሑፍን በቀናት ውስጥ «ገምግሜ አሳተምኩ» የሚል ጆርናል በዝቷል። ማጠቃለያውን ብቻ አንብባችሁ አትጥቀሱ፤ የአሠራሩን ክፍል ፈልጉ። መረጃው ከየት፣ መቼና እንዴት እንደተሰበሰበ ካልነገራችሁ ተዉት።