ያረጀው የውሃ ማሞቂያ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በአዲስ አበባ ከተማ ቦይለር እየተባለ የሚጠራው የመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ፥ ስሙ ከእንግሊዝኛ የመጣና «የሚያፈላ» ማለት ይሁን እንጂ፥ ውሃ ለማፍላት የተሠራ ዕቃ አይደለም። ኢጣልያኖች ስካልዳባኞ ብለው «መታጠቢያ የሚያሞቅ» ማለታቸው ለእውነቱ ይቀርባል። ሥራው ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ውሃውን እስከ 60 ዲግሪ ያህል ማሞቅና ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ባፈሰሰ ጊዜ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ሊቅ ይሆናል፤ አንዱ ይበየድ፥ ሌላው ይጣል፥ ሦስተኛው ደግሞ ፀሐይ ሳለች ስለ ምን ለመብራት እንከፍላለን ይላል።

ነገሩም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል። የኤሌክትሪክ ታሪፍም ቢሆን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንሥቶ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመታት እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህ ሳይመረምሩ መግዛትም፥ ሳይመረምሩ አሮጌውን ይዞ መቀመጥም ገንዘብ ያስወጣል።

ምርመራው የሚጀምረው ውሃው ከወዴት እንደሚፈስ በማየት ነው። ከታች በኩል ማሞቂያው ብረት ከሚታሰርበት ክዳን ዙሪያ የሚንጠባጠብ ከሆነ፥ ያረጀው ላስቲክ ነውና በጥቂት ብር ይለወጣል። ውሃው ሳይሞቅ የቀረ እንደ ሆነም ማሞቂያው ብረት ወይም ቴርሞስታቱ ተቃጥሎ ይሆናል፤ ይህም የሚለወጥ ነው። ነገር ግን ውሃው ከራሱ ከገንዳው አካል እየመነጨ በውጭው ልባስ ሥር የሚወርድ፥ ወይም ሙቅ ውሃው ብቻ ዝገት ለብሶ የሚመጣ ከሆነ፥ የዕቃው ዘመን ተፈጽሟል። «እበይደዋለሁ» የሚል ሠራተኛ ቢገኝ አንመነው። የገንዳው ውስጠኛ ፊት እንደ ሸክላ ሳህን በኢናሜል የተለበጠ ነውና፥ የብየዳው እሳት ያንን ልባስ ሰነጣጥቆ ብረቱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጠዋል።

በገንዳው ውስጥ ማግኒዝየም ከሚባል ማዕድን የተሠራ አንድ ዘንግ አለ። ሥራው ገንዳውን ተክቶ በዝገት መበላት ነው። ባለሙያዎች በየሁለት ዓመቱ ያህል ተፈትቶ እንዲታይና ካለቀ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ በእኛ አገር ግን ይህን የሚያደርግ ቤት እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ደኅንነቱ ቫልቭም አንድ ቃል እንጨምር። 80 ሊትር ውሃ ከ18 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ የሰፋው ውሃም በቫልቩ በኩል ጥቂት ጥቂት ይንጠባጠባል። ይህ ብልሽት አይደለም። መንጠባጠቡን የጠላ ሰው አፉን በቡሽ የደፈነው እንደ ሆነና ቴርሞስታቱም አልጠፋ ያለ ዕለት፥ ገንዳው ከግድግዳ ጋር የሚፈነዳ መሣሪያ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የአንድ ጡረተኛ መምህር ወዳጃችንን ቤት ነገር ነው። በቤቱ ስድስት ሰዎች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም አንዷ የባለቤታቸው እናት እማሆይ ናቸው። እማሆይ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ሙቅ ውሃ መታጠብ አይችሉም። ባለ 80 ሊትሩ ቦይለር ከገንዳው አካል ማፍሰስ በጀመረ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ሴት ልጃቸው፥ «አባዬ፥ ይህ ግድግዳ ከመያዝ በቀር ምን ይጠቅማል? በሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ትንሹን እንግዛ» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ትንሽነቱን አይተናል፤ የሚበላውን ግን አላየንም» ሲሉ መለሱላት።

የመምህሩ ጥርጣሬ ተገቢ ነበር። ባለ 5,500 ዋቱ የሻወር ማሞቂያ በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ የተለመደው ቦይለር ግን 1,500 ዋት ስለ ሆነ 7 አምፔር እንኳ አይሞላም። ለትንሹ ዕቃ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ለአምፖልና ለሬዲዮ በተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ላይ ቢገጠም ግን ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላል። የሚሰጠውም ውሃ ብዙ አይደለም። 18 ዲግሪ የነበረውን ውሃ 40 ለማድረስ በደቂቃ 3 ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ያሞቃል፤ ማታ ማታ ኀይሉ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ደግሞ 2 ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በጎነቱ ሲፈለግ ብቻ መሥራቱ ነው፤ 10 ደቂቃ ቢታጠቡበት ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ይፈጃል። ለብቻው ለሚኖርና አዲስ ሽቦ ላለው ሰው መልካም ነው እንላለን።

ወንድ ልጃቸው ደግሞ ሶላር ይሁን አለ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በእስራኤል አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በወጣው ሕግ በአዲስ የመኖሪያ ቤቶች ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲሠራ ግዴታ ሆኗል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዱድ ሼሜሽ የሚባለውን ከጣራቸው ላይ ያውቁታል። በአዲስ አበባ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 2 ካሬ ሜትር የሆነ ሰብሳቢ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ባለ 80 ሊትሩን ገንዳ እስከ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ግን 4 ያህል ይበቃል። ሆኖም ለጎብኚዎች «የ13 ወር ፀሐይ» ያለው ማስታወቂያ ሐምሌንና ነሐሴን የዘነጋ ይመስላል፤ በእነዚህ ወራት ደጋፊ ኤሌክትሪክ ግድ ነው። ጣራውም ይታይ፤ ባለ 150 ሊትር ገንዳ የውሃው ክብደት ብቻ 150 ኪሎ ነው፥ የባሕር ዛፍ ማገር የተሸከመው ቆርቆሮም ይህን ላይችል ይችላል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ጣራው የጋራ ነውና አስቀድሞ ከጎረቤቶቹ ጋር መስማማት አለበት።

እንግዲህ ወዳጃችን ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሒሳብ ሠሩ። 80 ሊትር በ60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፥ ከቀዝቃዛ ጋር ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ ሲሆን 150 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም በ20 ሊትር ባልዲ ከሰባት ሰው በላይ ያጥባል። 50 ሊትሩ ግን ወደ 95 ሊትር ስለሚሆን ለአራት ሰው በቂ ነው፤ ለአምስተኛውም ጥቂት ብቻ ይጎድላል። ስድስቱ ሰዎች በአንድ ማለዳ የማይታጠቡ ስለ ሆኑ ባለ 50 ሊትሩን መረጡ። እኛም ምርጫቸውን ደገፍን፤ ትልቁ ገንዳ ማንም ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ያባክናልና። የተረፈውን ገንዘብም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከፈሉት።

ሠራተኛው አሮጌውን ዕቃ ሲያወርድ፥ ከመሬት ጋር መያያዝ የነበረበት ሽቦ ተጠቅልሎና በፕላስተር ታስሮ ከኋላው ተገኘ። ከተገጠመ ጀምሮ ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር። ማሞቂያው ብረት ልባሱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ቢያሳልፍ ኖሮ፥ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ የሚታጠበው ሰው ብቻ ነበረ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ወደ እማሆይ ክፍል ዞር ብለው አዩና ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የመሬት ሽቦው በደንብ እንዲታሰርና የ30 ሚሊ አምፔር መፍሰስ ሲሰማው የሚቋረጥ ብሬከር እንዲጨመር አዘዙ፤ ለዚህም ሲሉ ሊገዙት ያሰቡትን አዲስ ጃኬት ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ለወደፊቱ ሶላር ቢመጣ ግድግዳው ዳግመኛ እንዳይፈርስ፥ የቧንቧ ሠራተኛው ወደ ጣራው የሚወጡ ሁለት ቧንቧዎች አዘጋጅቶ አፋቸውን ዘግቶ ተወ። ሴት ልጃቸውም በአዲሱ ቦይለር ጎን ላይ የተገጠመበትን ቀንና የማግኒዝየሙ ዘንግ የሚታይበትን ዓመት በቀለም ጻፈች።