ተጨማሪ መረጃ፦ ኢንተርኔቱ የሚጎተተው የት ላይ ነው?

በአገራችን ከተሞች የቤት ኢንተርኔት ለዓመታት የገባው በቴሌቪዥን ኬብል ሳይሆን በመዳብ የስልክ መስመር ነው። ስልቱ ኤዲኤስኤል ይባላል፤ አሁን ፋይበር እየተካው ነው። በመዳብ ላይ የሚሄድ ምልክት በርቀት ይደክማል። ስለዚህ ከቴሌ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት ያው ሽቦ ደርሶት እንኳ የሚያገኘው ፍጥነት ያንሳል።

በደብረ ታቦር ደግሞ ክረምቱን አትርሱ። በሐምሌና በነሐሴ የጉና ተራራ አካባቢ ዝናብ ሲበረታ፣ ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ውሃ ሊገባበትና ዝገት ሊይዘው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የቤቱን ስልክ አንስታችሁ አዳምጡ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከመስመሩ ሊሆን ይችላልና ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ማስመዝገብ ይሻላል።

ስልኩ ጥርት ካለ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኙ። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ፣ ምልክቱን የሚያደክመው ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮው ሊሆን ይችላል፤ ሞደሙን ከፍ አድርጋችሁ ቤቱ መካከል አስቀምጡት።

ብዙ ሰው ግን መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ተበላሸ ይላል። ውሉ የሚናገረው በሜጋቢት፣ የማውረጃው መስኮት የሚያሳየው በሜጋባይት ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። የ4 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 0.5 ሜጋባይት ያወርዳል። 60 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ ቢያንስ 2 ደቂቃ ይፈልጋል።