በዳገት የሚፈተን ቶርክ

ከጅማ ተነስቶ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ለሚወጣ የናፍጣ መኪና ፈተናው ዳገቱ ነው። ቱርቦ ያስጨመረ፣ ፖምፓ ያስተካከለ ወይም የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ያስቀየረ ባለንብረት ግን ብዙ ጊዜ ለማስረጃ የሚያወጣው ስልኩን ነው፤ «ቶርኩ 400 ገብቷል» ይላል። ገንዘብ የወጣበት፣ ሰውና ጭነት የሚጫንበት ጉዳይ ስለሆነ ይህ ቁጥር ምን ተለክቶ እንደተገኘ አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል 98 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀጥታ ለመለካት የተለመደው መንገድ የሚዞረውን ዘንግ መግታት ነው፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 የሠራው መለኪያም በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው።

ቁጥሩን ለስልኩ የሚሰጠው ስካነር ግን ምንም አይገታም። የሚያነበው የሞተሩ ኮምፒውተር ያሰላውን ግምት ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ናፍጣ እንዳስረጨ ያያል፤ ያ ናፍጣ በዚያ ዙር ምን ያህል ቶርክ እንደሚሰጥ ደግሞ ፋብሪካው ከሞላለት ሠንጠረዥ ያወጣል። ሞተሩ ሲነካ ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል። ከውጭ የተጨመረ ቺፕ የናፍጣውን ግፊት ዝቅ አድርጎ ከነገረው ኮምፒውተሩ ሳያውቅ ብዙ ያስረጫል፤ ስካነሩም ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል። በአዲስ ፕሮግራም ናፍጣው ጨምሮ አየሩ ካልበቃ ደግሞ ትርፉ በጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን ጎማ ላይ ያልደረሰ ጉልበት ይቆጥራል። እርጥብና ደረቅ ቡና በአንድ ቁና እየሰፈሩ ክብደቱ እኩል ነው እንደማለት ነው።

ገጠሩን ሁሉ ያዳረሰው ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ ይህ ግምት እንኳ የለውም። ባለ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ነው፤ ፋብሪካው ለኋለኞቹ ስሪቶች የሰጠው ቶርክ 285 ነው። ይህም ቢሆን በባሕር ወለል አየር ነው። ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ያላት ቦንጋ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ 82 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቶርክም በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል።

ቶርክን በሚለካው መሣሪያ፣ በዳይናሞሜትር፣ ላይ የሚሠራው ስሌት ይህን ጉድለት ለማካካስ ውጤቱን ወደ 1.2 በሚጠጋ ቁጥር ሊያባዛ ይችላል። ከፍታውን በቱርቦ ለተቋቋመ ሞተር ይህ ማካካሻ ያልተገባ ስጦታ ነው፤ 300 የነበረው 360 ይሆናል። ስለዚህ ከውጤት ወረቀቱ ላይ ያልታረመውን ቁጥር ጠይቁ። ሌላም ፈጣን ማጣሪያ አለ፤ ቶርክ በደቂቃ ዙር ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል ኪሎዋት ይሰጣል። በ3,000 ዙር 400 ቶርክ ያለው ሞተር በዚያው ዙር 126 ኪሎዋት ካላሳየ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ዳገቱን ነው። 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ አስፋልት ላይ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ በ1,700 ዙር ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ጸንቶ ቆመ እንበል። ክብደቱን ለማውጣት 2,350 ኒውተን፣ ለጎማና ለአየር ተቃውሞ 550 ያህል ይፈልጋል። ይህ ጎማው ላይ 32 ኪሎዋት ነው፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚጠፋው 15 በመቶ ያህል ሲታሰብ ሞተሩ 38 ሰጥቷል ማለት ነው። ቶርኩ 213 ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ስልኩ 350 ካለ፣ ስልኩ ተሳስቷል።

ስሌቱን በዋናነት የሚያበላሸው ያልታወቀ ክብደት ነው፤ በግምት ከተሞላ 10 በመቶ ስህተት እዚያው ሊገባ ይችላል። መኪናው ከነጭነቱ የመኪና ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ትልቅ ጎማ ከተገጠመለት ፍጥነቱ ከዳሽቦርድ ሳይሆን ከጂፒኤስ ይነበብ። አስፋልቱ ሲርስ ጎማ ሊንሸራተት ስለሚችል በዝናብ ቀን አይሞከር። ሞተሩ ከመነካቱ በፊትና ከተነካ በኋላ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ማርሽ ከተሞከረ፣ የተቃውሞው ግምት ትንሽ ቢሳሳት እንኳ የሁለቱ ልዩነት ሞተሩ ላይ የተጨመረውን ያሳያል። ፍሪሲዮኑ ይችለው እንደሆነ መካኒኩ ሊወስን የሚገባውም በዚህ ልዩነት ነው።