የታተመ ዳሌ ለነርስ ተማሪ ምን ያስተምራል?

በዚህ እትማችን ስለ አንድ የመማሪያ መሣሪያ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እንደሚታወቀው ሐርጌሳ የነርስነት ትምህርት የሚከበርባት ከተማ ናት። ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኤል ሆስፒታላቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ከመከፈቱ በፊት፣ ሕንፃው ገና ሲሠራ ነበር ነርሶችን ማሠልጠን የጀመሩት። ግድግዳ ሕመምተኛ አያክምማ!

አያሃ ላይ ሆኖ ነርስነትን በእንግሊዝኛ መማር ግን ቀላል አይደለም። ቤቱ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ ገበያው ሶማልኛ፣ መጽሐፉ እንግሊዝኛ። ተማሪው የአጥንቱን ስም ይሸመድዳል፤ «የት ነው ያለው?» ሲባል ግን ይቸገራል። ሥዕል ጠፍጣፋ ነው፤ አካል ግን ጠፍጣፋ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ሞዴል የሚጠቅመው። የሰው አካል በሲቲ ስካን ከተነሣ በኋላ ምስሉ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ይለወጣል፤ ማሽኑም የቀለጠ ፕላስቲክ በስስ በስሱ እየደራረበ አጥንቱን ያወጣል። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያሉ የአካል ሞዴሎችን አስተዋውቋል። የሟች ዐፅም ሳይነካ መማር መቻሉ ቀብርን ለሚያከብር ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅሙን በመርፌ እንየው። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ሲያቲክ የተባለውን ትልቅ ነርቭ ከነካ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ነው። ታዲያ ነርሷ ለአዋቂ ሕመምተኛ ደህናውን ቦታ በዳሌው ጎን እንዴት ታገኛለች? ለቀኝ ዳሌ ግራ እጇን ትጠቀማለች። የመዳፏን ታች ከጭን አጥንት ጉብታ ላይ ታሳርፋለች፤ አመልካች ጣቷን ከፊት ወዳለው የዳሌ ጫፍ፣ የመሐል ጣቷን ወደ ኋላ ትዘረጋለች። መርፌው በሁለቱ ጣቶች መካከል ይገባል። ይህን መቶ ጊዜ ብታነቡት ዳሌና ጭን ያለበትን ሞዴል አንዴ እንደመዳሰስ አይሆንም።

ሁሉን ያስተምራል ግን አንልም። ፕላስቲክ ልብ አይመታም፣ አያመውም፣ አይፈራም። ሥጋና ቆዳም የለውም። ስለዚህ ከሞዴሉ ቀጥሎ በጓደኛ ላይ ያለ መርፌ መዳሰስ፣ ከዚያም በአስተማሪ ፊት በሕመምተኛ ላይ መሥራት የግድ ነው።

አያያዙንም እንንገራችሁ። ብዙ ጊዜ የሚታተምበት ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳልና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ አትቀቅሉትም። በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ማጠብ ይበቃዋል።

በመጨረሻም አንድ ልምምድ፦ ሞዴሉን በጨርቅ ከረጢት ክተቱና ተማሪው ሳያይ እየዳሰሰ ክፍሎቹን ይጥራ፤ መጀመሪያ በአፍ መፍቻው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። እጅ ያወቀውን ምላስ ቶሎ ይይዘዋል። ሞክሩትና ውጤቱን ንገሩን!